በፍላሹ ላይ የሰበሰብኩት ማስረጃ

ሰቆጣ ፎቶ ቤት ከፍቼ በፊልም ካሜራ በሠራሁባቸው ዓመታት ከፍላሽ ጋር ተጣልቼ አላውቅም። ደንበኛው ነጩ ግድግዳ ሥር ይቀመጣል፣ እኔ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ እላለሁ፣ የካሜራውን ቀለበት የለመድኩት ቁጥር ላይ አደርጋለሁ፣ በቃ። በኋላ ግን አዲስ አበባ ያለ አንድ ነጋዴ «ይሄ ራሱ ያስባል» ብሎ ዲጂታል ካሜራ ሸጠልኝ። አሰበና ጉድ ሠራኝ። አንዱ ፎቶ ላይ ሰውየው ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ቀጥዬ ሳነሳው ያው ሰው፣ ያው ወንበር ላይ፣ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል።

ያላደረግኩት ነገር የለም። የፍላሹን መስታወት በአልኮል ወለወልኩ። ወንበሩን አስጠጋሁ፣ አራቅኩ። መመሪያውን ገለጥኩ፤ በስንትና ስንት ቋንቋ ተጽፏል፣ አንዱም የኔ አይደለም። የአዲስ አበባው ነጋዴ ሩቅ ስለሆነብኝ የፍላሹን የባትሪ ድንጋይ የሸጠልኝ ጎረቤቴ ባለሱቅ ላይ ዘመትኩ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

«የሞተ ድንጋይ ነው የሸጥክልኝ» አልኩት።

ባለሱቁ ምንም ሳይቆጣ ድንጋዮቹን የእጅ ባትሪው ውስጥ ከተተና ፊቴ ላይ አበራብኝ። «ወንድሜ፣ ድንጋዩስ ደህና ነው» አለ። «ሌላ የሞተ ነገር ካለ ፈልግ።»

ተናድጄ ወጣሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማስረጃ መሰብሰብ ያዝኩ። የተበላሸውን ፎቶ ሁሉ ሲዲ ላይ እየገለበጥኩ አስቀምጣለሁ፤ አንድ ቀን አዲስ አበባ ወርጄ ነጋዴው ፊት ልደረድረው። ጥሩ የወጣውን ግን አትሜ ለባለቤቱ ከሰጠሁ በኋላ አጠፋዋለሁ፤ የካሜራው ካርድ ጠባብ ነው፣ ጥሩ ፎቶ ደግሞ ምንም አይመሰክርልኝም።

እናትና ልጅ ከደሃና ገጠር የመጡት በዚህ ንዴቴ መሀል ነው። ልጅቱ በማግሥቱ በወልድያው አውቶቡስ ልትሄድ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዐረብ አገር።

«ታላቅ ወንድሟ ሲሄድ ፎቶ አላስነሳሁትም» አሉኝ እናትየው፣ አማርኛውን ቀስ እያሉ እየፈለጉ። «ድምጡን በስልክ እሰማለሁ። መልኩ ግን እየጠፋኝ ነው። ይችን እንኳ ልያዛት ብዬ ነው፣ ልጄ።»

ፎቶ ቤቴ አንድ ሕግ ነበረው። ምስማር ላይ የተሰቀለ ጥቁር ኮት አለ፤ የገባ ሁሉ እሱን ለብሶ ይነሳል። አስተማሪውም፣ ገበሬውም፣ ሙሽራውም። ግማሹ የዋግ ሰው በዚያ ኮት ነው የተነሳው። ለልጅቱም ሳልጠይቃት አለበስኳት። እናትየው ለብዙ ጊዜ አጣጥፈው ያኖሩትን ነጭ ነጠላ እስከ ግንባራቸው ተከናነቡና አጠገቧ ተቀመጡ።

አነሳሁ። ልጅቱ እንዳለች ወጣች፣ ሳቋ ሳይቀር፤ እናትየው ግን ፊት የሌለው ነጭ ነጠላ ሆኑ። ካሜራውን ትንሽ ወደ እናትየው አዞርኩና ደገምኩ። አሁን እሳቸው ታዩ፤ ልጅቱ ከነኮቷ ጨለማ ውስጥ ገባች። ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ እስከ ስምንተኛ። ካሜራውን በመዳፌ መታሁት።

«አትነቃነቁ አላልኳችሁም?» ብዬ ጮኽኩባቸው። አልተነቃነቁም ነበር። ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል።

እናትየው ተነሥተው መጡ። «እስቲ አሳየኝ» አሉ። ስምንቱንም በካሜራው ትንሽ መስኮት አንድ በአንድ አሳለፍኩላቸው። አይተው ሲጨርሱ «እሷ ስትወጣ እኔ እጠፋለሁ፤ እኔ ስወጣ እሷ ትጠፋለች» አሉ። ለልጃቸው በኽምጣኛ አንድ ነገር ተናገሩና ኮቱን ራሳቸው አውልቀው አስታቀፉኝ። የነጠላቸውን እኩሌታ በልጅቱ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉባት። «ለሁለታችንም አንዱ ነጭ ይበቃናል። አሁን ሞክር።»

ሞከርኩ። ሁለቱም እኩል ወጡ፣ ትንሽ ደብዘዝ ብለው። ነክቼው የማላውቀውን የፍላሹን የመደመር ምልክት ሁለቴ ተጫንኩና ደገምኩ፤ ሁለቱም ጥርት አሉ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ጭራሽ በገንኩ። ለካ ካሜራው ብርሃኑን የሚመጥነው መሀል ላይ ያገኘውን እያየ ነው፤ ነጭ ነጠላ ወይም ነጩን ግድግዳዬን ካየ ይሰስታል፣ ጥቁር ካየ ያለ ልክ ይረጫል። ያን ሁሉ ጊዜ ያቃጠለኝ የራሴው ኮት ነው። ባለሱቁን ይቅርታ መጠየቅ ነበረብኝ፣ አልጠየቅኩትም። ፎቶውን አትሜ ለእናትም ለልጅም ሰጠሁ። ከዚያ እንደ ልማዴ አጠፋሁት።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ እናትየው ተመለሱ። ከጉያቸው በላስቲክ የተጠቀለለ ፎቶ አወጡ። ነጠላው አለ፣ የእሳቸውም ፊት አለ። የልጅቱ ፊት ግን ቀለሙ ለቆ ወረቀቱ ብቻ ቀርቷል።

«ጧት ጧት እየሳምኳት ነው» አሉ፣ እንደ ማፈር ብለው። «ሌላ አውጣልኝ።»

በፊልሙ ጊዜ ቢሆን ኔጋቲቩ ቆርቆሮዬ ውስጥ ይገኝ ነበር። «እናቴ፣ አጥፍቼዋለሁ» አልኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ራሴን ጠልቼ አላውቅም።

«ሁሉንም?» አሉ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ሲዲው ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ አልወሰድኩትም፣ የምከሰው ነጋዴም ሱቁን ዘግቶ ሄዷል። ከመሳቢያው ሥር አወጣሁት፤ «የተበላሹ» የሚል ጽሑፌ አለበት። ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈትኩና ከስምንቱ የመጀመሪያው ላይ ደረስኩ። ልጅቱ በጥቁር ኮት፣ ሳቋ ሳይቀር፤ አጠገቧ ፊት የሌለው ነጭ ነጠላ።

«ይሄ የተበላሸው ነው» አልኳቸው። «እርስዎ የሉበትም።»

«እኔን ምን ያደርግልኛል፣ እኔ አለሁ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከእሷ ሳይነቅሉ። «እሷን አውጣልኝ።»