እህቴና ሰማያዊዎቹ ዓይኖች

ታናሽ እህቴ መጋረጃ ሰፊ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው መስኮት ስታለብስ ኖራ፣ እርጅና ሲመጣ የራሷን ቤት ዓይን አለበሰችው። ከቡዳ ይጠብቃል የሚባለው ሰማያዊ የመስታወት ዓይን፣ መሐሉ ነጭ፣ ብሌኑ ጥቁር። በር ላይ፣ መስኮት ላይ፣ ከስፌት መኪናዋ በላይ። ጎረቤቱ «ጨሌ» ብሎ ስም አወጣላት። መጸዳጃ ቤቱ እንኳ አልቀረም። «እዚያ ደግሞ ማን ምን አይቶ ይመቀኛል?» ብላት ተቆጣች።

እናታችንም ሰማያዊ ጨሌ ነበራት፤ አንዲት ብቻ። ልጅ ሲወለድ ከልብሱ አንገትጌ ውስጥ፣ ለማንም በማይታይበት፣ ትሰፋት ነበር። እኔም ለብሻታለሁ፣ እሷም ለብሳታለች። እማዬ የሰው ዓይን ልጅ ይበላል ብላ ትፈራ ነበር፤ ፍርሃቷን ግን እንግዳ እንዳይከፋው ሰው ፊት አታወጣም ነበር። ዛሬ ዓይኑ ከስጦታ ዕቃ መደብር፣ ከሶፋው ቀለም ጋር እየተመረጠ ይገዛል። እንግዳውን ገና ከበሩ «አንተን ነው የምንፈራው» የሚለው ይመስለኛል።

ይሁን፣ ቤቷ ነው ብዬ ተውኩ። ነገር የመጣው የእህቴ ልጅ ወልዳ ለአራስነቷ እናቷ ቤት ስትገባ ነው። ሕፃኗን ታቅፌ «ውይ ስታምር!» ከማለቴ የበሩ ዓይን ወድቆ ተሰበረ። እህቴ ስብርባሪውን አየች፣ እኔን አየች፣ ልጅቷን ከእጄ ወሰደች።

ከዚያ ወዲህ በሄድኩ ቁጥር መልሱ «ተኝታለች» ሆነ። ስታለቅስ እየሰማሁ እንኳ!

«እየጮኸች ነው እኮ።»

«በእንቅልፍ ልቧ ነው፣ እትዬ።»

እኔ አልወለድኩም። የእህቴን ልጅ በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ የእሷን ልጅ ዳግም ሳላቅፍ ልሞት ነው? ብናደድም መሄዱን አልተውኩም።

አንድ ቀን፣ አራስነቱ ሊያበቃ ሲል፣ የሕፃኗ እናት ገበያ ወጥታ፣ እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ የመጋረጃ ጠርዝ እዘመዝማለሁ። እህቴ መኝታ ቤት «የኔ ቆንጆ፣ የኔ ጨረቃ» ስትል እሰማታለሁ። ወዲያው ከሽ! አለ። አመድ መስላ ወጣች።

«የመስኮቱ ዓይን ወደቀ።»

«ልጅቷስ?»

«ደህና ናት። እትዬ… ማንም አልነበረም። ያየኋት እኔ ብቻ ነኝ።» በሻሿ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። «የኔ ዓይን ይሆን እንዴ?»

ሳቄም ንዴቴም እኩል መጡብኝ። ልጅቷ ትጮኻለች፤ አያቷ ግድግዳ ተደግፋ «አንቺ ግቢ፣ እኔ አላያትም» ትላለች። ገብቼ አቀፍኳት፤ ዝም አለች። ከስብርባሪው መሐል ዓይኑ የተሰቀለበትን ክር አንስቼ ወጣሁ።

«እንቺ፣ ሳቢው።»

ፊቷን እንደሸፈነች ሳበችው። ብጥስ አለ።

«በነጠላ የስፌት ክር ነው የሰቀልሽው፣ ያውም ፀሐይ ፊት! ለደንበኛሽ እንዲህ ትሰፊያለሽ? የበሩም ይኸው ነው። ፀሐይ የበላውን እኔ ላይ ታላክኪያለሽ!»

ክሩን በጣቶቿ ለሁለት አጠፈችው።

«ድርብ ማድረግ ነበረብኝ» አለች። ይቅርታ እንኳ የለም! ከዚያ ሻሿን ዝቅ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ ክንዴ ላይ ያለችውን ልጅ አየቻት።

በሳምንቱ ስሄድ፣ የተሰበሩት በአዲስ ተተክተው፣ ዓይኖቹ ሁሉ ቦታቸው ናቸው፤ በድርብ ክር።

«አንቺ ሰው፣ አይበቃሽም?»

«ቤት ያደምቃል» አለችና ልጅቷን ጭኔ ላይ አጋደመችልኝ። «ያዣት። እንዳታደንቂያት ብቻ።»