ድንኳኑ ሁሉ የፈረመበት ልጄ

ልጄ ወታደር ነበር። አብሮት የዘመተ ጓደኛው መጥቶ ሞቱን ነገረን። አለቀስን፤ በአርባኛው ቀን ተዝካሩን አወጣን። ራሱ ያሳደገውን በግም አረድን።

የቀበሌው ሰው ወረቀት ይዞ የመጣው ሰው ሁሉ በልቶ ጠጥቶ በጠገበ ሰዓት ነው። ለቤተሰብ የሚሰጥ ነገር ቢኖር የሞት ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ምስክሮች ይፈርሙ አለ። ሦስት ሰው ይበቃ ነበር። ግን የበላ ሰው እንቢ አይልም፤ ድንኳኑ ሁሉ ፈረመ። የእድራችን ዳኛ ሁለት ጊዜ ፈርመዋል ይባላል።

ዓመት አልፎ ልጄ በምርኩዝ እያነከሰ ገባ። ቆስሎ ሩቅ አገር ሆስፒታል ከርሞ ኖሯል። እግዚአብሔር ይመስገን እያልኩ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።

አልቅሼ ስጨርስ፣ "በጌ የታለ?" አለኝ።

"ለተዝካርህ አረድነው።"

"ለእኔ አልደረሰኝማ።"

በዚያ እግሩ ቆሞ መሥራት አይችልም። ተስፋው የጉዳት ጡረታው ብቻ ነበርና አብረን ወደ ጡረታ መሥሪያ ቤቱ ሄድን። ጸሐፊው ኮምፒውተሩን አየና፣ "ሟች ነው" አለ።

"ልጄ ይኸው ፊትህ ተቀምጧል።"

"እማማ፣ እኔ የምሠራው በሰነድ ነው።"

"አለሁ" አለ ልጄ።

"አንተ ዝም በል። ሰው ለራሱ አይመሰክርም።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እርስዎ እንደ ሟች እናት ቢያመለክቱ ግን ቶሎ ያልቅልዎታል።"

ልጄ ወደ እኔ ዞረ። "ምን ይመስልሻል፣ እማ? ግማሹን ከሰጠሽኝ ሞቼ እቆያለሁ።"

አምላክ የመለሰልኝን ልጅ በፊርማዬ ልቀብር? እንቢ አልኩ። ጸሐፊው፣ እንግዲያው በሕይወት መኖሩን የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች አምጡ አለን። ሞቷል ብሎ የፈረመ ሰው ግን መመስከር አይችልም።

ሰፈራችን ሐኪም ጋራ የሚባለው ተራራ ላይ ነው። ቤት ለቤት ዞርን፤ ያልፈረመ ጠፋ። የእድሩ ዳኛ ልጄን አቅፈው ሳሙትና፣ "እንኳን ለቤትህ አበቃህ፣ ልጄ። መመስከሩ ግን ይቅርብኝ፤ ቃሌን አላጥፍም" አሉት።

ማታ ስጸልይ ጓደኛዬ ትዝ አለችኝ። ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ ኤረር በር አጠገብ፣ ሙዳይ እየሰፋች የምትኖር ሙስሊም ናት። ለልቅሶው ከባሏና ከወንድሟ ጋር መጥታ ከእኔ እኩል አልቅሳለች። በተዝካሩም ቀን መጥተው ነበር፤ ግን እነሱ የእኛን ሥጋ ስለማይበሉ ምግቡ ሳይቀርብ ተነሥተው ሄደዋል። ስለዚህ ወረቀቱ አልደረሰባቸውም።

በማግስቱ ሦስቱም መጡልን። ጸሐፊው ጓደኛዬን፣ "ይህን ሰው በምን ያውቁታል፣ እናቴ?" አላት።

"ሕፃን ሳለ ሰፍቼ ያልጨረስኩት ሙዳይ ላይ ተቀምጦ አበላሽቶብኛል። ወላሂ፣ አቀማመጡ ያው ነው።"

ጸሐፊው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ልጄን አየው። ጻፈ።

ልጄ ከዚያች ቀን ጀምሮ በሕይወት አለ ተባለ። ጡረታውም የሚታሰበው ከዚያው ቀን ነው። ያለፈውስ ብለን ብንጠይቅ፣ ያኔ ሟች ስለነበረ አይከፈለውም አለን። ሆስፒታል ተኝቶ የማቀቀበት ዓመት እንዲሁ ቀረ። ይህ ፍርድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ፍርዱን ለፈጣሪ ትቼ፣ ስለተሰጠኝ ልጅ አመሰገንኩ።

ለምስጋናው ጎረቤቱንና የጀጎሎቹን ጠራሁ። በዚህ ጊዜ ሥጋ አላስገባሁም። ማንም ሳይበላ እንዳይሄድ ምስር፣ ሽሮና ጎመን ሠራሁ። ልጄ ሁለት ሰሃን በልቶ፣ "ተዝካሬ ላይ የቀረብኝን ነው" አለ። ጓደኛዬ፣ "አልሐምዱሊላህ፤ ብቻ ሙዳዬ ላይ አትቀመጥ" አለችው።

መሃል ላይ የቀበሌው ሰው የወረቀት ቦርሳውን በብብቱ ይዞ ገባ። እሱም ተጠርቶ ነው የመጣው። ዳኛው ግን ጉርሻቸውን ትተው ሁለት እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ከተቱ። ያየ ሁሉ እንደ እሳቸው እጁን ሸሸገ።