ከጂንጃ ወደ ወረታ፦ ከልጄ ጋር ቤትና ትምህርት ቤት ፍለጋ

ከጂንጃ የተነሳነው ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው፤ እኔ፣ የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ጸጋ፣ ሁለት ሻንጣና አንድ ብርድ ልብስ። ጂንጃ ኡጋንዳ ውስጥ ናት፤ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣባት ከተማ። በወጣትነቴ ሥራ ፍለጋ ሄጄ እዚያው ቀረሁ፤ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ የሆነውን ዋይስዋን አግብቼ ጸጋን ወለድኩ። ዋይስዋ ታሞ ሲሞት ቤተሰቦቹ አላስከፉኝም። አማቴ እስከ መጨረሻው ቀን ዓሣ እየጠበሰች ትልክልኝ ነበር። ግን ሰው ሲያዝን በገዛ ቋንቋው ማልቀስ ያምረዋል። ወረታ ናፈቀችኝ፤ ውሃ የተኛበት የፎገራ ሜዳ ናፈቀኝ፤ የአባቴ ድምፅ ናፈቀኝ።

ለእኔ መመለስ ነበር፤ ለጸጋ ግን ስደት። የምነግራትን አማርኛ ትሰማለች እንጂ የምትመልስልኝ በአባቷ ቋንቋ ነው። እንሄዳለን ስላት ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በመጨረሻ ተስማማን፦ አንድ የትምህርት ዓመት ወረታ እንኖራለን፤ ዓመቱ ሲያልቅ እጠይቃታለሁ፤ እንመለስ ካለች እንመለሳለን። ቃሌን በአባቷ ስም አስማለችኝ።

ከባሕር ዳር እስከ ወረታ

አዲስ አበባ አውሮፕላን ቀይረን ባሕር ዳር አደርን። በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ሄደን የወረታ ሚኒባስ ያዝን። ረዳቱ ሻንጣዎቻችንን ጣራ ላይ ሲጭን ጸጋ አይኗን አልነቀለችም፤ የአባቷ ጃኬት ትንሹ ሻንጣ ውስጥ ነበር።

ሐሙሲት ከተማ ላይ ቆምን። የበቆሎ እሸት ወቅት ስለነበር ሴቶች በየመንገዱ ዳር ከሰል አያይዘው ይጠብሳሉ። ከባሕር ዳር ጀምሮ እህል አልቀምስም ያለችው ልጄ በቆሎውን ስታይ እጇን ዘረጋች። ጂንጃም በቆሎ እንዲሁ ይጠበሳል። አንዱን እሸት ፍሬ በፍሬ እየፈለፈለች ጨረሰችው፤ እኔም ልቤ ትንሽ ረጋ።

የጉማራን ድልድይ ከተሻገርን በኋላ ሜዳው ተዘረጋ። ሩዙ አረንጓዴ ሆኖ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ከብቶች እስከ ጉልበታቸው ረግረግ ገብተው ይግጣሉ፤ ራቅ ብሎ የቤተ ክርስቲያን ዛፎች እንደ ደሴት ይታያሉ። እንባዬ መጣ። ጸጋ ሐይቁ ይሄ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሐይቁ ራቅ ይላል፣ ይሄ ሜዳ ነው፣ ክረምት ላይ ውሃ ይተኛበታል አልኳት። አጠገባችን የተቀመጡ ገበሬ ልጅቱ የማን እንደሆነች ጠየቁኝ። የኔ ናት አልኳቸው። እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ከዚያ መስኮቱን የጋረደውን ጆንያቸውን አንስተው እግራቸው ሥር አደረጉት፤ ሜዳውን እንድታይበት።

ቤት ፍለጋ

ያረፍነው ታላቅ ወንድሜ አያሌው ቤት ነበር። አያሌው የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ አለው፤ ደግ ሰው ነው፤ ቤቱ ግን ሁለት ክፍል ነው፣ ልጆቹ አራት። ከሳምንት በኋላ ቤት ፍለጋ ወጣሁ።

መጀመሪያ ያየነው ቤት ወደ ደብረ ታቦር በሚታጠፈው መንገድ ዳር ነበር። አከራይዋ ጸጋን ከላይ እስከ ታች አይታ አባቷ ጥቁር ነው ወይ፣ ይመጣል ወይ፣ ክርስቲያን ነው ወይ አለችኝ፤ ልጅቱ እዚያው ቆማ። ሁለተኛው ቤት ጥሩ ነበር፤ ግን ልጅ ያለው ሰው አንፈልግም አሉን። ቤቶቹን ያሳየን ደላላ ሲመሽ አንድ ቤት ቀርቷል ካለ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ባለቤቷ ባለ እጅ ናት፣ አንቺ ደግሞ የመሪጌታ ልጅ ነሽ፣ አይሆንሽም አለኝ።

ባለ እጅ የምንላቸው ሸክላ ሠሪዎችን፣ ቀጥቃጮችንና ሸማኔዎችን ነው። እቃቸውን ሁሉም ይገዛል፤ ከእጃቸው የሚበላ፣ ልጁን ከልጃቸው ጋር የሚያጫውት ግን ጥቂት ነው። ዓይናቸው ይበላል ይባላል። እኔም ይሄን ስሰማ ነው ያደግሁት።

ሌላ ምርጫ ስላልነበረን ሄድን፤ ባለቤቷን እማማ ጥሩን ግቢያቸው ውስጥ የሸክላ ጭቃ ሲያቦኩ አገኘናቸው። ባል የሞተባቸው፣ ልጆቻቸው ርቀው የሄዱ ሴት ናቸው። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠራርገው ከእኔ በፊት ጸጋን ጨበጡና ስሟን ጠየቁ። ወረታ ከገባን ጀምሮ ስሟን ራሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ቤቷ አንዲት ክፍል ናት፤ መስኮቷ ወደ ሜዳው ይከፈታል። እኔ ስሰማው ያደግሁት ትዝ ብሎኝ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ጸጋ ግን ገብታ መሬቱ ላይ ተቀምጣ ነበር።

አያሌው ሲሰማ ተቆጣ። እሷ ቤት ስትገቢ ሰው ምን ይላል፣ አባታችን በምን ፊታቸው ደብሩ ይገባሉ አለኝ። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ የሚያገለግሉባት ደብር ወደ ሐይቁ በኩል ናት፤ ክረምት ውሃው መንገዱን ስለሚዘጋው ገና አላየናቸውም። ሲመጡ ራሴ እነግራቸዋለሁ ብዬ በማግስቱ ሻንጣችንን በባጃጅ ጭነን ገባን።

ትምህርት ቤት

መስከረም ላይ ለምዝገባ ሄድን። ርዕሰ መምህሩ ትሑት ሰው ናቸው። ጂንጃ ሦስተኛ ክፍል ልትገባ የነበረችው ልጄ ፊደል ስለማትቆጥር አንደኛ ክፍል ተመደበች። ከዚያ የአባቷን ስም ጠየቁኝ።

“ዋይስዋ” አልኳቸው።

እስክሪብቶአቸውን አንስተው አሰቡ። ስሙ ለልጆቹ እንግዳ ስለሆነ ይስቁባታል፣ የአባትሽን ስም ብናደርገው ለራሷም ይቀላታል አሉኝ። በክፋት አልነበረም። እኔም ደክሞኝ ነበር፤ እሺ ልል አፌን ከፈትኩ። ጸጋ ክንዴን ጎትታ ምን እንዳሉ በአባቷ ቋንቋ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቀና አለች።

“አባቴ ዋይስዋ ነው” አለች፤ በአማርኛ።

እሳቸውም እንዴት እንደሚጻፍ ደግመው ደጋግመው ጠይቀውኝ ጻፉት።

እንዳሉትም ልጆቹ ሳቁባት። ዋይ ዋይ እያሉ ይጠሯት ጀመር። ከእኩዮቿ ጋር ሳይሆን ከሷ ባነሱ ልጆች መካከል ከሁሉ ረዝማ ትቀመጣለች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሩዝ የተቀላቀለበትን እንጀራ ነካ ነካ አድርጋ ትተወውና መስኮቱ ጋ ትሄዳለች። መስከረም ሳያልቅ ክብደቷ ቀነሰ። አንድ ቀን ከሰኔ በፊት መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ቃላችን ቃል ነው አልኳት። አያሌውም ልጅቱ የከሳችው በምን እንደሆነ አታውቂም ወይ አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ዓይን ማለቱ ነው።

እውነቱን ልናገር፤ አንድ ቀን እኔም ፈራሁ። ጸጋ እማማ ጥሩ ዘንድ ስትቀመጥ ጠርቼ ወደ ቤት አስገባኋት። እማማ ጥሩ ገባቸው። ያደርጉት እንደነበረው ጭቃቸውን ማቡካት ቀጠሉ፤ ግን ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩት። ያን ፊት እያሰብኩ ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ጸጋን እጇን ይዤ ወስጄ ራሴ አጠገባቸው አስቀመጥኳት።

ይፋግ ገበያ

ጥቅምት ላይ ውሃው መሸሽ ጀመረ። እማማ ጥሩ ማሰሮና ጀበና ተኩሰው ይፋግ ገበያ ሊወስዱ ሲሉ ጸጋ ካልሄድኩ አለች፤ ሦስታችንም ሄድን። የርብን ወንዝ ተሻግረን ስንሄድ ሜዳው ላይ ጭቃው ገና አልደረቀም፤ ሩዙ ወደ ቢጫ መለወጥ ጀምሯል። ከተራራው ላይ የጣራ ገዳም ጫካ ጠቁሮ ይታይ ነበር።

ገበያው ከሽንኩርትና ከጓያ እስከ ፍየል የማይሸጥ የለውም። እኛ ከሸክላዎቹ ረድፍ፣ ከዳር ተቀመጥን። ገዢ ሲመጣ ጀበናውን በጣቱ አንኳኩቶ ድምፁን ይሰማል። ጸጋም አይታ አንኳኳች። አንዲት ሴት ጀበናውን አገላብጣ ያፈሳል ስትል ልጄ ውሃ ሞልታበት ከፍ አድርጋ ያዘችና “አያፈስም፤ እዪው” አለቻት። ሴትዮዋ ስቃ ገዛች። እማማ ጥሩ ነጠላቸውን አውልቀው ፀሐይ እንዳይመታት ራሷ ላይ ጣሉላት።

ከዚያ ቀን በኋላ አማርኛው መጣ። እማማ ጥሩ የሚናገሩትን የገበሬ አማርኛ እንዳለ ይዛ ትምህርት ቤት ትናገረው ነበር፤ መምህሯ ከየት አመጣችው ብላ ጠየቀችኝ።

የአባቴ መምጣት

መንገዱ ሲደርቅ አባቴ መጡ። አያሌው አስቀድሞ ሁሉን ነግሯቸዋል። ከአያሌው ጋር እስከ ግቢው በር መጥተው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። እኔ ሮጬ ጉልበታቸውን ሳምኩ፤ አቅፈውኝ አለቀሱ። ግን አልገቡም። እማማ ጥሩ ጎጇቸው ደጃፍ ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል፤ እሳቸውም ወደ በሩ አልመጡም።

ጸጋ ወጥታ አያቷን ለመጀመሪያ ጊዜ አየች።

“አያቴ፣ ለምን ውጭ ቆምክ? ግባ” አለቻቸው።

አያሌው ደንግጦ ለትልቅ ሰው ይግቡ ነው የሚባለው አላት። አባቴ እጃቸውን አነሱ።

“ተዋት” አሉ። “እግዚአብሔርንም የምናናግረው አንተ ብለን ነው።”

ገቡ። የእማማ ጥሩ መደብ ላይ ተቀመጡና ለጉሮሮዬ ውሃ ቢጤ አሉ። እማማ ጥሩ ቀድተው በሁለት እጃቸው ሰጧቸው። አባቴ ባርከው እስከ መጨረሻው ጠጡ። አያሌው እስኪወጡ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። እሱ እስከ ዛሬ ድረስ አልገባም፤ ግን የገና በዓል ሲደርስ አንድ ጆንያ ሩዝ ለሦስታችን ብሎ ላከ።

ጉዞ ወደ ጂንጃ፣ ጉዞ ወደ ወረታ

ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ቃሌን ጠብቄ ጠየቅኳት። ጸጋም መጀመሪያ አባቢን እንየው አለች። ክረምቱን ጂንጃ አሳለፍን። አማቴ በር ላይ አቅፋን አለቀሰች፤ ዓሣ ጠበሰችልን። የዋይስዋን መቃብር ሣር ሸፍኖታል፤ ጸጋ በእጇ ከዳር ከዳሩ ነቀለችለት። ጎረቤት የጀልባ ሞተር ሲያስነሳ ሁለታችንም እኩል ዞርን።

እንቆይ ወይም እንሂድ አላለችኝም። ነሐሴ ሲጋመስ ግን ዝናቡ የእማማ ጥሩን ያልተተኮሰ ሸክላ ያበሰብሰው ይሆን ወይ እያለች ትጨነቅ ጀመር። ቲኬት ቆረጥኩ። አማቴ ስትሸኘን ወደምታውቀው አገር የምትሄድ ልጅ ናት አለች፤ እውነቷን ነበር።

ባለፈው ዓመት አገሬ ስገባ ናፍቆቴ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። አሁን ከጉማራ ድልድይ ወዲህ ሜዳው ሲዘረጋ ዓይኔ ሞላ፤ አፍንጫዬ ግን የጂንጃን የዓሣ ሽታ ይፈልጋል። ሁለት አገር ያለው ሰው አንዱን ሲያገኝ ሌላው እንደሚርበው ከዚህ ጉዞ ተማርኩ፤ ልጄንም አንዱን እርሺ እንዳልላት።

ግቢው ስንደርስ ጸጋ ሻንጣውን ትታ ሮጠች። እኔ ለባጃጁ ከፍዬ ስገባ እማማ ጥሩ ጭቃ ላይ ተቀምጠዋል፤ እሷም ጎናቸው ናት። ስለ አባቷ ስታወራ ደረስኩ። ከሞተ ወዲህ ሞተ የሚለውን ቃል በየትኛውም ቋንቋ ከአፏ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

“አባቴ ሞቷል” አለቻቸው። “መቃብሩ ላይ ሣር በቅሏል። እኔ ነቀልኩለት።”

እማማ ጥሩ ሥራቸውን አቆሙ። የጭቃ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ለትልቅ ሐዘንተኛ እንደሚደረገው፣ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉላት።

“እግዜር ያጥናሽ፣ ልጄ” አሏት።

ለእኔ ሁሉም ብሎኛል። ለእሷ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም አላላትም ነበር።