አስተርጓሚው ያስቀረው ቃል

ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነን እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ በገባን በዓመቱ እንቅልፍ አጣሁ፤ ምግብም አስጠላኝ። ልብስ ስፌት ፋብሪካው ውስጥ ማሽኑ ላይ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር እንባዬ ይቀድመኝ ነበር። ወንድ ተብዬ ያደግሁ ሴት ነኝ። ያኔ ይህን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም።

ኩፓት ሆሊም፣ ጤና ጣቢያው ማለቴ ነው፣ አስተርጓሚ ነበረው። ከእኛ ቀድሞ የመጣ የጎንደር ሰው፣ በሐምሌ ሐሩር ከረባት የማይፈታ። ሕዝቡን ሁሉ በጀርባው ያዘለ ይመስል ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚገባው።

«ገላዬ የእኔ አይመስለኝም። ልቤ የሴት ነው። መኖር አስጠልቶኛል፤ እንዲህ ብለው ለሐኪሙ ይንገሩልኝ» አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። ለሐኪሙ ሁለት ቃል ጣል አደረገ። ሐኪሙም የራስ ምታት ክኒን ጻፈልኝ።

«ምን አሉት?»

«አገሩ ናፍቆት ራሱን ያመዋል አልኩት። እንዲህ ያለ ነገር ፈረንጅ ፊት አይወራም። አታዋርደን!»

እኔ ልሞት ነው፤ እሱ ለከረባቱ ይጨነቃል። ሐኪም ፊት ያፈረው ሰውዬ ለጎረቤት ለማውራት ግን አላፈረም። በሳምንቱ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ሦስተኛ ሚስቱን ፈትቶ ያልጨረሰው አዛውንት «ሚስት ፈልጉለት» ብሎ መድኃኒት አዘዘ።

በንዴት ዕብራይስጥ ተማርኩ። በአማርኛ «ደክሞኛል» ያለው ወንድ ይሁን ሴት አይለይም፤ በዕብራይስጥ ግን ወንዱ «አየፍ»፣ ሴቷ «አየፋ» ነው የሚሉት። ብቻዬን ሐኪሙ ዘንድ ተመለስኩ።

«አየፋ ነኝ» አልኩት።

«አየፍ» አለኝ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። «ወንድ የሚለው አየፍ ነው።»

ያክመኛል ያልኩት ሰው ሰዋስው ያርምልኛል!

«አየፋ! አስተርጓሚህ ያልነገረህ ይህንን ነው። መኖር አልፈልግም ብዬህ ነበር።»

እስክሪብቶው ቆመ። አዘነልኝ አልልም፤ ለወንበሩ ፈራ። ያም ሆነ ይህ፣ ቤር ሼቫ ወዳለች የአእምሮ ሐኪም ላከኝ። ሸበቶዋ ሴትዮ እንደኔ ያለ ሰው አክማ አታውቅም፤ ይህንኑም ሳትደብቅ ነገረችኝ። «ከመቼ ጀምሮ?» ብላ ጠየቀችና እስክመልስ ጠበቀች። በየሳምንቱ በአውቶቡስ ተመላለስኩ። ክረምቱ ሲወጣ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር።

አንድ ቀን አስተርጓሚውን ገበያ አገኘሁት።

«ተሻለህ?» አለኝ።

«ተሻለሽ፣ በል!»

ሲመርጠው የቆየውን ቲማቲም ጥሎ እብስ አለ። ደህና ደህናውን ነበር የመረጠው፤ አስመዝኜ ገዛሁት።