«ትንሽ አግዤዋለሁ» ያልኩበት ቀን

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለእናቴ አልነገርኳትም። የንስሐ አባቴ ሲጠይቁኝም ጾም መግደፌን ነግሬ ይህኛውን ዋጥኩት። ለማታውቁኝ ለእናንተ ልናገረው፤ ተቀምጬም ቆሜም ዕረፍት ነስቶኛል።

ከደብረ ማርቆስ አሶሳ የተመደብኩት ሕክምና ልማር ነው። ሃሩን የክፍሌ ልጅ ነበር፤ አሶሳ አቅራቢያ ባምባሲ ተወልዶ በበርታ ቋንቋ አፉን የፈታ። አማርኛን ትምህርት ቤት ስለለመደው እኔን ሴቷን «አንተ» ይለኝ ነበር። ልጆቹ ይስቁበታል። እኔም እስቅ ነበር።

እኔ የማጠናው እያሰመርኩ ነው። ገጹን ቢጫ በቢጫ አድርጌ መጽሐፉን ስዘጋው ጭንቅላቴ ውስጥ ምንም የለም። ሃሩን ግን መጽሐፉን ዘግቶ ነው የሚጀምረው። ከሰዓት ከሰዓት ማንጎ ዛፍ ሥር እንቀመጥና ልብ ሲደክም ሳንባ ለምን ውኃ እንደሚቋጥር መጀመሪያ በቋንቋው ለራሱ ያጉተመትማል፤ ቀጥሎ በአማርኛ ለእኔ፤ መጨረሻ ላይ በእንግሊዝኛ። ከተደናቀፈ «እዚህ ጋ አላወቅኩትም ማለት ነው» ብሎ መጽሐፉን ይገልጣል። ከዚያ «በል፣ አሁን አንተ ንገረኝ» ይለኛል። እኔ ሐኪም የሆንኩት በዚያ ልጅ አፍ ነው።

የመጨረሻው ዓመት ላይ ውጭ አገር የሚያስተምር የነጻ ትምህርት ዕድል መጣ። ከክፍላችን የሚታጨው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሁለታችንም አመለከትን። ሃሩን በማመልከቻው በእንግሊዝኛ የጻፈው ስለ አንዲት ወላድ ነበር። ሴትየዋ ሕመሟን በበርታ ስትናገር ሐኪሙ አልገባውም፤ ሃሩን ደርሶ እስኪያስተረጉምላት ድረስ ደሟ ሲፈስ ቆይቷል። አንብቤው አለቀስኩ። የእኔን ደግሞ እሱ ሁለት ጊዜ አረመልኝ፤ «ይሄ ውሸት ይመስላል፣ አውጣው» እያለ።

መምህራችን ቢሯቸው ጠሩኝ። የሃሩንን ጽሑፍ ይዘዋል።

«አብራችሁ ነው የምታጠኑት አይደል? እውነቱን ንገሪኝ፤ ይህን ራሱ ነው የጻፈው? አማርኛው እንኳ ገና ነው።»

«አዎ፣ ራሱ ነው» ማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? እኔ ግን መሬት መሬት አየሁ። ዝም አልኩ። ከዚያ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ «ትንሽ አግዤዋለሁ» አልኩ።

አላገዝኩትም። አንድ ቃል አላገዝኩትም። ደንግጬ ነው ልበል? አልደነገጥኩም፤ አስቤበታለሁ። ያንን ዝምታ ዝም ስል ዕድሉ ወደ እኔ ሲመጣ ይታየኝ ነበር። እኔ ነኝ ያልኩት። እኔ ነኝ የወሰድኩበት።

ስሜ ተለጠፈ። በማግስቱ ከሰዓት ሃሩን ማንጎው ሥር ቀድሞኝ ተቀምጧል። «እንኳን ደስ አለህ» አለኝና የነርቭ ትምህርቱን ካቆምንበት ቀጠለ። ምንም አልጠየቀኝም። እኔም አላወቀም ብዬ ተነፈስኩ፤ እስክንመረቅም እየመጣሁ ተማርኩበት።

ሄድኩ፤ ተማርኩ፤ ተመለስኩ። አሁን አዲስ አበባ ነው የምሠራው። ሃሩን እዚያው በትውልድ ክልሉ፣ ማንኩሽ የምትባል ከተማ ሐኪም ነው። ባለፈው ወር ስለ አንድ ታካሚ ሊያማክረኝ ደወለ። ስለ ታካሚው ከጨረስን በኋላ፣ ኑሮው የሞላለት መስሎኝ፣ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ «ሃሩን፣ ያኔ ግን ተቀይመኸኝ ነበር?» አልኩት። እንደ ቀልድ አድርጌ ነው ያልኩት።

«መምህሩ በዚያው ቀን ነግሮኛል» አለ። «ምን እንዳልክ ነግሮኛል።»

«እና ለምን መጣህ? በማግስቱ ለምን መጣህ?»

«ፈተና ነበረብህ። ነርቭ ደግሞ አይገባህም ነበር።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ራስህ ትነግረኛለህ ብዬ ጠብቄ ነበር» አለኝ።

ያን ጊዜ «በድዬሃለሁ» ማለት ነበረብኝ። በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። እኔ ግን «ሄሎ? ሄሎ? አይሰማም» አልኩ። ጥርት ብሎ ይሰማኝ ነበር፤ ከኋላው ልጆች ሲጫወቱ ሁሉ ይሰማኝ ነበር። «ሄሎ» እያልኩ ስልኩን ዘጋሁት።

የመጀመሪያውን በልጅነት አሳብቡልኝ ብል ትሰሙኝ ይሆናል። ይህኛውን የሠራሁት ግን ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ስለዚህ ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው በእጃችሁ አይደለም፤ ያለው ማንኩሽ ነው፣ ስልኩም እኔ ዘንድ አለ።