ወረፋን በምን ላይ ልሳለው?

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጉለሌ ቤታችን ያለ ሥራ የተቀመጥኩበት ዓመት ነው። የነበረኝ ሥራ የቀበሌ ሱቅ ወረፋ ብቻ ነው፤ ለስኳር፣ ለሳሙና። በማለዳ ድንጋይ በቦታችን አስቀምጠን እንሄዳለን። ስንመለስ የእኛ ድንጋይ ወደ ኋላ ተገፍቶ፣ የማናውቀው ድንጋይ ከፊት ተጎልቶ እናገኛለን። በዚህ በግኜ ጨዋታ ፈጠርኩ፤ ስሙም «ወረፋ»። ተጫዋቹ አራት ቆርኪ ይወረውራል፣ የተገለበጡትን ቆጥሮ ጠጠሩን ሰሌዳው ላይ ወደተሳለው የሱቁ መስኮት ያስጠጋል። «ስኳር አለቀ» የሚለው ቤት ላይ ያረፈ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። «የሱቁ ሠራተኛ ዘመድ» ላይ ያረፈ ሁሉንም ዘሎ ከፊት ይቆማል።

ያለኝ ቀለም ግማሽ ጣሳ ነው። ወይ ለወጣት ማኅበሩ አዳራሽ በኮምፔንሳቶ፣ ወይ ለየቤቱ በአቡጀዴ፤ ለሁለቱም አይበቃም። ጓደኛዬ አባቷ ሽሮ ሜዳ ጨርቅ ይነግዳሉ።

«በጨርቅ ሥሪው፤ ቁራጭ ከአባባ ሱቅ አመጣልሻለሁ። እኔን እንደሆነ አዳራሽ አይሰዱኝም» አለችኝ።

«አንቺ አንድ ሰው ነሽ፤ አዳራሹ ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ አለ።»

ደደብ ነበርኩ። እዚያ ያለው የሰፈሩ ወንድ ብቻ ነው።

የኮምፔንሳቶ ሰሌዳውን ቀብቼ፣ ተሸክሜ ወስጄ ለማኅበሩ ሰጠሁ። በሳምንቱ ብሄድ «ዘመድ» የሚለው በቀይ ቀለም ተደፍኗል።

የማኅበሩ ሊቀመንበር «ጓዲት፣ በሕዝብ ሱቅ ዘመድ የሚባል ነገር የለም» አለኝ።

«የለም? እናትህ ትናንት ስንተኛ ሆነው ነው ስኳር የወሰዱት?»

አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ልጆች ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

«በል ሰሌዳዬን መልስ!»

ገልብጦ አሳየኝ። ጀርባው ላይ የንብረት ቁጥር ተጽፎበታል። «የማኅበሩ ነው» አለ።

ዘመድ የሌለበት ወረፋ ምኑን ይጫወቱታል? ሁሉም በተራው ይደርሳል፣ በቃ።

እየተሳደብኩ በቀጥታ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። አቡጀዴውን ዘርግተን በእስክሪብቶ ሳልነው፤ «ዘመድ»ን ከሁሉም አተለቅኩት። እናቷም ጠጠር ይዘው ቁጭ አሉ። ጓደኛዬ ለሦስተኛ ጊዜ ዘመድ ላይ ስታርፍ ቆርኪዎቹን በተንኩ።

«ይሄ ማጭበርበር ነው!»

«ሕጉን ማን አወጣው?» አሉ እናቷ፣ ጠጠራቸውን በጣታቸው ቀስ አድርገው ወደ መስኮቱ እየገፉ።

«እትዬ፣ ተራዎ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ።