ከቪዲዮው የቆረጥኩት

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ሳልነግራቸው ዘልዬዋለሁ። ለእናቴማ ጭራሽ።

ሰመራ ላይ ከሰናይት ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የምንኖረው። ሁለታችንም ከወልድያ ለመንግሥት ሥራ የመጣን ነን። አከራያችን ፋጡማ እንደ ልጆቿ ነው የምታየን፤ ሙቀቱ ሲያዝለን ቀዝቃዛ ውሃ ይዛ ከተፍ ትላለች። አንድ ቅዳሜ ከገጠር ዘመዶቿ የተላከላትን የግመል ወተት በኩባያ አመጣችልን። እኛ ቤት ደግሞ የክርስቲያን ልጅ የግመል ወተት ቀመሰች ከሚባል ቤቱ ተቃጠለ ቢባል ይሻላል። እኔ ያኔ ያገኘሁትን ሁሉ ቀርጼ ካልለቀቅሁ የማያስችለኝ ቀበጥ ነበርኩ። ስልኬን መስኮቱ ላይ አቆምኩና ቀድሜ ጠጣሁ። እኔ! ግማሹን ጨልጬ ነው ለሰናይት ያቀበልኳት። "ጠጪ፣ ማን ያይሻል?" ያልኳትም እኔው ነኝ። ፋጡማ ቢስሚላህ በይ ስትላት እየሳቀች አለችና ጠጣች። አረፋው ከንፈሯ ላይ ቀርቶ እንዴት ታምር ነበር!

ከመልቀቄ በፊት የራሴን ቆረጥኩት። ለምን? እናቴን ፈርቼ። የእሷ እናትስ እናት አይደሉም? ሳላስበው ቀርቼ እንዳይመስላችሁ፤ አስቤዋለሁ። ላይኩ ሲጎርፍልኝ ደግሞ ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

ሳምንት ሳይሞላው ቪዲዮው የሰናይት እጮኛ ቤተሰቦች ዘንድ ደረሰ። ልጅቷ ሰልማለች ተባለ፣ ከፋሲካ በኋላ የታሰበው ሠርግም ቀረ። ትወደው ነበር። ቀለበቱን አውልቃ ሳሙና ማስቀመጫው ላይ ተወችው። ፋጡማ ወላሂ አገራችሁ ድረስ ሄጄ የሆነውን እነግራቸዋለሁ ብላ ስትነሳ፣ የከለከለቻት ራሷ ሰናይት ናት። አባቷ ደውለው ሌላ ማን እንደጠጣ ሲጠይቋት አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። አየችኝ።

"ብቻዬን ነኝ የጠጣሁት አባዬ" አለች።

እኔስ? ዝም አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ? እናቴ የእኔን ጨዋነት ለጎረቤት ስታወራ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ዝም እንዳልኩ ነኝ።

ትናንት ሰናይት ፀጉሬን እየሠራችልኝ እናቴ ደወለች። እጄን ቅባት ስለነካው ስፒከር ላይ አደረግኳት። "ያቺ የግመል ወተት የጠጣችው አሁንም አብራሽ ናት? እንዳታበላሽሽ" አለችኝ። ኔትወርክ ይቆራረጣል ብዬ ዘጋሁባት። ሰናይት ጉንጉኑን አላቋረጠችም።

"ጭንቅላትሽን አታወዛውዢ" አለችኝ።

ይቅርታ ብጠይቃት፣ ሂጂ ወዲያ ብላ ትስቅና ያልቃል። እንደዚያ በቀላሉ እንዲያልቅልኝ አልፈልግም። ሠርጓን ያስቀረሁት እኔ ነኝ። እማዬ፣ ይህን አንዱ ያነብልሻል። ቀድሜ የጠጣሁት እኔ ነኝ። ደውዪልኝ፣ አልዘጋም።